የማይሰምጠው ፔዳል

የፍሬን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ጎን መሬት ላይ ተጋድሞ የአየር ማውጫዋን ብሎን ይፈታል። የሚረግጠው የሚፈታውን አያይም፣ የሚፈታውም የሚረግጠውን አያይም። የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ስለሆነ ሥራው መተማመን ይፈልጋል። በዚህ ቤት የሚጋደመው ባል ነበር፤ የምትረግጠው ሚስት።

«ርገጪ!» ይላል ከታች።

«ረገጥኩ!» ትላለች ከላይ።

ብሎኗን ላላ ሲያደርጋት ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል። አየር ካለ አረፋ ሆኖ ይታያል። ብሎኗን መልሶ ያጠብቃል።

«ልቀቂ!»

«ለቀቅኩ!»

አራቱም ጎማ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ሲጯጯሁ ይውላሉ። አዲስ የገባች ጎረቤት አንድ ቅዳሜ ይህን ሰምታ፣ ባልና ሚስት የተያያዙ መስሏት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ኧረ በፈጠረሽ እናቴ፣ ልቀቂው! የትም አይሄድብሽም!» ብላ ለምናለች። ሰፈሩ ይህን እያነሳ ብዙ ዘመን ስቋል።

ባልየው መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ክፍሏና የመኪናው መጠለያ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እሱ መዶሻ ባነሳ ቁጥር የሷ መቀሶች ከተሰቀሉበት ሚስማር ላይ ይንቀጫቀጫሉ። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ስለኖረች እግሯ ነገር ያውቃል። መርፌው ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ሲቸገር ከጣቷ በፊት የሚሰማው እግሯ ነው። ባልየው ይህን ከተረዳ ወዲህ ለፍሬኑ ሌላ መለኪያ አልፈለገም። ሥራው ሲያልቅ ከመሬት ሳይነሳ «እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ድንጋይ ነው» ካለችው ዕቃውን ይሰበስባል። «ይሰምጣል» ካለችው እንደገና ከመጀመሪያው ጎማ ይነሳል። «አንቺ ካልሽ አለቀ» ይላል፤ በዚያች ቃል ተማምኖም እሁድ እሁድ ውድድር ሜዳ ላይ በሙሉ ፍጥነት ኩርባ ውስጥ ይገባል።

መኪናዋ አንዲት ናት፤ ኑሮዋ ግን ሁለት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የጨርቅ ጥቅል ትጭናለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ የታመመ ትጠይቃለች። እሁድ የኋላ ወንበሯ ይወጣና ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የውድድር ሜዳ ትወሰዳለች። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ፍሬን መምረጥ ራስ የሚያዞር ነገር ነው። ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ሁለት ዓይነት ነው። የመንገድ ሸራ ጧት ከቤት ሲወጡ፣ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በመጀመሪያው ንክኪ ይይዛል፤ ሜዳው ላይ ደጋግሞ ሲረገጥ ግን ይግልና መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ ያንሸራትታል። የውድድር ሸራ ደግሞ ካልጋለ አይነቃም። ቀዝቃዛ ሳለ እንጨት ነው፤ ይጮኻል፣ ዲስክ ይበላል። አብዛኞቹ የተወዳዳሪዎች ማኅበሩ ሰዎች ቅዳሜ አንዱን አውጥተው ሌላውን ያስገባሉ፣ ሰኞ መልሰው ይቀይራሉ። እሱ በዚህ ይስቅ ነበር። «እኔ ለሥራ ቀን አንድ ሚስት፣ ለእሁድ ሌላ ሚስት አላገባሁም» ይላል። ስንቱን ዓይነት ሞክሮ፣ ስንቱን አቃጥሎ፣ ብርዱንም ግለቱንም የሚችል አንድ መካከለኛ ሸራ አገኘ። ከፊት መከላከያው ሥር ነፋስ ወደ ዲስኮቹ የሚወስዱ ቱቦዎች ዘረጋ። ዘይቱን ደግሞ ከየውድድሩ በፊት ይቀይራል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ዘይቱ የፈላበት ሰው ባዶ ነው የሚረግጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጯጯሁም ለዚሁ ነው።

ሜዳው ላይ ቅጽል ስሙ «ቆይ ቆይ» ነበር። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ኩርባው ሲመጣበት አይቶ መያዣ ሲፈልግ፣ እሱ ዘና ብሎ «ቆይ… ቆይ… አሁን!» ይልና ሁሉም ከረገጡ በኋላ ይረግጣል። ሌላ የሚበልጥበት ነገር አልነበረውም፤ ሞተሩም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያለው ያ እግሩ ነው። ሶሉ የሳሳ ጫማ ያደርግና ሸራው ዲስኩን ሲነካ፣ ጎማው ሊቆለፍ ሲል፣ ሁሉን ነገር በውስጥ እግሩ እንደሚሰማ ያወራል። ሰው ጉራ ነው ይለው ነበር። ሚስቱ ግን ጉራ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እግር ምን እንደሚሰማ ለሷ ማን ሊነግራት።

ዝናቡ ያቆመ ሰሞን አንድ እሁድ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«ፔዳሉ ሞቷል» አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «እረግጣለሁ፣ ምንም አይመልስልኝም። ጥጥ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። ኩርባውን ስቼ ሣር ላይ ወጣሁ።»

«አንተ? ሣር ላይ?» ብላ ልታሾፍበት ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

በማግስቱ ከሥራ መልስ አየሩን አስወጡ። ሥራው ሲያልቅ ከታች «እንዴት ነው?» አለ።

«ድንጋይ ነው» አለችው። ድንጋይ ነበርና።

እንደ ወትሮው ዕቃውን አልሰበሰበም። ተነሳና የመኪናዋን በር ከፍቶ አያት።

«ድንጋይ?»

«ድንጋይ።»

«እንግዲያው በሽታው እኔ ነኛ!» አለ። ሊቀልድ ነበር የፈለገው፤ ቀልዱ ግን አፉ ላይ ደረቀ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አየች። ቤት ሲቃጠል፣ ሥራ ሲጠፋ፣ እናቱ ስትሞት እንኳ ያላየችበት ፍርሃት ነበር። አንጀቷ አልቻለም። እግሯን መልሳ ፔዳሉ ላይ አኖረችና ረገጥ ረገጥ አደረገች።

«ቆይ እስቲ…» አለች። «አዎ… ትንሽ ይሰምጣል መሰለኝ።»

ሰውየው ነፍስ ዘራ። «ብዬሽ ነበር እኮ!» አለና ክሪኩን ሊያመጣ ሮጠ። እሷም ያን ዕለት ባሏን ያዳነች መስሏት ነበር። እንግዲህ ሴትዮዋ ሞኝ ሆና አይደለም፤ የወደደ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ያቺ ቃል ምን ምን እንደምትጎትት ብታውቅ ግን ምላሷን ነክሳ ዝም ባለች ነበር።

መጀመሪያ ዘይቱ ተቀየረ፤ ውድ የሚባለው መጣ። ቀጥሎ የላስቲክ ቱቦዎቹ ወጥተው በብረት ሽቦ የተሸመኑ ገቡ። ከዚያ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ከነነፍሱ ወጥቶ አዲስ ታሰረ። ከዚያ ያ ስንት ዓመት የተፈለገው መካከለኛ ሸራ፣ «ፋብሪካው ቅመሙን ቀይሮታል» ተብሎ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተጣለ። መለዋወጫ ሻጭ መሆኑ በዚህ ጊዜ ረገመው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃ ፍለጋው ያደክመው ነበር፣ እሱ ግን እጁን ወደ መደርደሪያው መዘርጋት ብቻ ነው። ከየለውጡ በኋላ ሚስቱ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ትረግጣለች፣ ፔዳሉ ድንጋይ ነው። «እንዴት ነው?» ሲላት «ትንሽ ይሻላል» ትላለች። ተስፋ እንዳይቆርጥ ትንሽ ታሻሽለዋለች፣ እንዳይፈራ ትንሽ ታጎድልበታለች። ውሸቱንም እንደ ልብስ በልኩ ትሰፋለት ጀመር።

ሜዳው ላይ ግን ነገሩ አልተሻለም። ፔዳሉን ስለማያምነው ኩርባው ገና ሩቅ ሳለ መርገጥ ጀመረ፤ ድሮ ከኋላው ይከተሉት የነበሩት እየጣሉት ያልፋሉ። «ቆይ ቆይ ቀርቶ ቶሎ ቶሎ ሆነ» ብለው ተሳሳቁበት። ይህን እቤት መጥቶ ሲነግራት ራሱም ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን ተነስቶ ወደ መጠለያው ወጣ።

ታላቅ ወንድሟ ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት አለው። ቆይ ቆይ «ዲስኩ ጠሟል» እያለ ሁለቱን የፊት ዲስኮች እየፈታ እሱ ዘንድ ይወስዳል፣ ያስልጣቸዋል፣ መልሶ ያስራል። ደጋግሞ ሲያመጣበት ወንድምየው አንዱን ዲስክ ብብቱ ሥር ሸጉጦ እህቱ ስፌት ክፍል ድረስ መጣ።

«እህትዓለም፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?»

«ምን ሆነ?»

«ይሄ ዲስክ እኮ ቀጥ ያለ ነው። ባለፈውም ቀጥ ያለ ነበር። ሽንኩርት የምልጥ መሰለው እንዴ?» ዲስኩን የጨርቅ ጥቅሏ ላይ አኖረው። «ከአሁን በኋላ ቢያመጣው አልነካም። ሳስቷል። ከዚህ በላይ ከሳሳ ሲግል ይሰነጠቅበታል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢጠነክር ምን ሊረባው ነው?»

«ይሰምጣል ይላላ።»

«አንቺስ? የምትረግጪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

እግሯን ስፌት መኪናዋ ላይ ጫነች፤ ያለቀ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት ደረበች።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አንቺ ካላወቅሽ እንግዲህ ማን ሊያውቅ ነው» ብሎ ትንሽ ቆመ። ሌላ ነገር የሚናገር መስሏት ነበር። እሱ ግን ዲስኩን አንስቶ ወጣ። የሰው ትዳር ውስጥ መግባት የማይወድ ሰው ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ የባሏን ነገር በግምት ነበር የምታውቀው። ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ሆዱ ውስጥ የገባ ፍርሃት ነው ትል ነበር። ቁርጡን ያወቀችው በዳዶ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከመደብሩ ተመልሶ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ከቀኙ ጫማ ውስጥ አንድ የብሎን ዳዶ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። ካልሲው ከሥሩ በደም ርሶ፣ ደሙም ደርቆ፣ ካልሲውን ከቆዳው ጋር አጣብቆታል።

«ውይ! ምን ረግጠህ ነው?»

«ምንም» አለ። ደሙን የሌላ ሰው ደም እንደሆነ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየው። «መደብሩ ውስጥ ስንት ዳዶ ይበተናል፣ ገብቶ ይሆናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምሳ ላይ… እኔ እንጃ። ጧት ይሆን?»

ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር ከገባች መንገድ መሀል በአንድ እግሩ ቆሞ ያራግፋል። እሱ ብረት ረግጦ ውሏል። የስኳር በሽታ እንዳለበት ሁለቱም ያውቃሉ። ሐኪሙ «እግርህን በየዕለቱ እየው» ብሎት ሲመለስ «እግሬን እኔ ላየው? እሱ ነው እኔን ተሸክሞ የሚያየኝ» ብሎ ቀልዶ ነበር፤ ያኔ አብራው ስቃለች። አሁን ለብ ያለ ውሃ አቀረበችና ቁስሉን አጠበችለት። በመሀል አንዱን ጣቱን ቆንጠጥ አድርጋ «ይሰማሃል?» አለችው።

«ይሰማኛል እንጂ» አለ፣ እጇን እያየ።

ፎጣውን እግሩ ላይ ጣል አደረገች።

«አሁንስ የቱን ነው የነካሁት?»

ትንሽ አሰበ። «ትልቁን።»

ሁለቱም እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ።

«አዎ፣ ትልቁን» አለችና እግሩን አደራርቃ አሰረችለት። ከዚያ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባችና በሩን ዘግታ፣ ድምፅ እንዳይወጣባት አንድ እጀ ጠባብ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቀርቦ ነበር። ካልነገረችው ያ የደነዘዘ እግር ሜዳ ይወጣል። እሱ ቢተርፍ እንኳ ከፊቱ የሚነዳ ሰው አለ፤ የሰው ልጅ፣ የሰው ባል። ከነገረችው ደግሞ ምን ሊቀረው ነው? ደፍራ ልትነግረው የተነሳችበት ጧትም ነበር። ቁርስ ላይ ነበሩ። እሱ የስኳር ዕቃውን፣ ጨው ማስቀመጫውንና ሁለት ብርጭቆ ደርድሮ ያን ኩርባ ይሠራላት ጀመር።

«እዚህ ጋ ነው ሁሉም የሚረግጡት» አለ፣ ማንኪያውን እየነዳ። «እኔ እዚህ። አየሽ ልዩነቱን? ይሄን ያህል ነው። ካሁን በኋላ ብዙ እንደማልወዳደር አውቃለሁ፤ ልጅ አይደለሁም። ግን አንዴ፣ ፍሬኑ ተስተካክሎልኝ፣ አንዴ ብቻ እንደ ድሮዬ ኩርባው ውስጥ ልግባና ከዚያ በቃኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

«ሐኪም ዘንድ ግን ደረስ እንበል» ብቻ አለች።

«ከውድድሩ በኋላ» አለ፤ ማንኪያውም በብርጭቆው ጥግ ታጠፈ።

በዚያው ሳምንት የለየለት የውድድር ሸራ ይዞ መጣ። ድሮ ለመንገድ መኪና ነውር ነው የሚለውን ሸራ፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ አስሮት ሰነበተ። «ይሄ ሲይዝ ይሰማኛል» አላት። «ይሄማ ካልተሰማኝ…» አለና አልጨረሰውም።

የሰፋችውን የደንብ ልብስ ለማስረከብ አብረው በወጡበት ጧት፣ ከሰፈሩ ሳይርቁ፣ እግረኛ ማቋረጫው ላይ አንድ ባለ ጋሪ ገባ። መኪናዋ መቆም ባለባት ቦታ አልቆመችም። መስመሩን አልፋ፣ እየጮኸች፣ ጋሪውን ልትነካ ስትል ቆመች። ባለ ጋሪው ኮፈኑን በጥፊ መትቶ «ዓይንህን ጋራዥ ረስተኸው ነው የመጣኸው?» አለና መንገዱን ቀጠለ።

«ስላልጋለ ነው» አለ ቆይ ቆይ፣ ላቡን እየጠረገ። «ይሄ ሸራ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ነው።»

ሐሰት አልነበረም፤ ሸራው ሲቀዘቅዝ እንዲያ ነው። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከመርገጡ በፊት ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ነቅሎ ወደ ታች አይቷል። ፔዳሉ የት እንዳለ በዓይኑ ፈልጓል።

«ለምን ታየዋለህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«እግርህን።»

«አላየሁም» አለ። ማርሹን አስገብቶ መንዳቱን ቀጠለ።

የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ መጠለያው ውስጥ እስከ ግማሽ ገብቶ ሳለ፣ ሰሌኑን አነጠፈና ሊጋደም ሲል ሚስቱ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ከእጁ ወሰደችበት።

«ዛሬ አንተ ርገጥ። እኔ ልፍታ።»

«ምነው?»

«ወገቤን አሞኛል።»

«ወገቧን ያመማት ሴት መሬት ላይ ልትተኛ?» ብሎ ሳቀባት። ቢሆንም ደስ አለው፤ ከስንት ዘመን በኋላ ሙያውን ልትቀምስለት ነው። ብሎኗን አሳያት፣ ቱቦውን ጠርሙሱ ውስጥ ነከረላት፣ «ብዙ አትፍቺ፣ ላላ ብቻ አድርጊያት» አለና ወንበሩ ላይ ወጣ። እሷ በአፏ ልትነግረው ስላልቻለች ነው ይህን ያደረገችው። ይረግጥ፣ ንጹህ ዘይት ይምጣ፣ ከዚያ ጠርሙሱን አሳይቼ «አየር የለም፣ ጉድለት የለም» እለዋለሁ፤ የቀረውን ራሱ ይድረስበት ብላ ነው።

«ርገጥ!» አለች።

«ረገጥኩ!»

ብሎኗን ላላ አደረገች። አንዲት ጠብታ በራሷ ክብደት ወርዳ ቱቦው ውስጥ ቆመች። ሌላ አልተከተላትም። አጠበቀች።

«ልቀቅ!»

«ለቀቅኩ!»

ያጠፋችው እሷ መስሏት እንደገና ሞከረች። ርገጥ፣ ረገጥኩ። ምንም የለም። ቱቦው ጭር እንዳለ ነው። በዚህ መሀል ነው ከላይ ድምፁን የሰማችው።

«አንቺ!»

«አቤት?»

«ጠነከረ!» አለ። «ድንጋይ ሆኗል እኮ! ኧረ ፈጣሪዬ ተመስገን! ፖምፓው ነበር፣ አላልኩሽም? አየሩ እዚያ ነበር የተሸሸገው! ንቅንቅ አይልም፣ መጥተሽ ብታይው! ነገማ ያያሉ፣ ቶሎ ቶሎ ያሉኝ ሁሉ ያያሉ!»

ያገባችው ወጣት ድምፅ ነበር። ስንት ወር ሙሉ ልትሰማው ስትማልድ የከረመችው ድምፅ ይኸው መጣ። ባዶውን ቱቦ እያየች በጀርባዋ ተጋድማ ቀረች። «እሰይ» ብላ ዕቃውን ብትሰበስብ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ቤቱ ደስታ ይሆናል። ነገ ደግሞ ይወጣል።

ተነሳች። መኪናዋን ዞራ በሩን ከፈተችው። ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፊቱ በርቶ ወደፊት ያያል። ጭኑ ከጉልበቱ ብዛት ይንቀጠቀጣል። ቀኝ እግሩ ከፔዳሉ ጎን ወለሉ ላይ ነው። በሙሉ ኃይሉ የሚረግጠው ወለሉን ነበር። ፔዳሉ ማንም ሳይነካው አጠገቡ ቆሟል።

እሱ ዓይኗን ተከትሎ ወደ ታች አየ።

ከዚያ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ በእጁ ጨብጦ እግሩን እንደ ዕቃ አነሳና ፔዳሉ ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ረግጬዋለሁ?»

«ረግጠኸዋል።»

«ሰመጠ?»

«አልሰመጠም።»

«ሰምጦ ያውቃል?»

ቀና ብሎ አያት።

«ንገሪኝ እንጂ! ዝናቡ ያቆመ ሰሞን?»

«ድንጋይ ነበር።»

«ቱቦውን ስቀይር?»

«ያኔም።»

«ዲስኮቹን ስንቴ ሳስልጣቸው?»

«ፊትህን አይቼ ነው!» አለች፣ እንባዋ ቀድሟት። «ፈርተህ ነበር። ያን ፊትህን ማየት አቃተኝ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አልጮኸም።

«እኔ አልሰማም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ግን ትሰሚ ነበር።»

«ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ይታከማል፣ ዛሬ የማይታከም ምን አለ?»

«የሞተው አይመለስም። ያልሞተውን ጠብቅ ነው ያለኝ፤ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«እኔ ግን አልነገርከኝም!»

«አንቺስ?»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ልብስ ስታሰጣ ይሰማል። ቆይ ቆይ በሩን ተደግፎ ወረደ፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እያየ ወረደ፤ ከእንግዲህ የሚደብቀው የለም።

«ዲስኮቹንም ጨረስናቸው» አለ። «ሜዳውን አይችሉም። አንድ ዙር አይችሉም። ወንድምሽ መጥቶ ይውሰዳት፤ ለከተማ ቀስ እያለ ይነዳታል።»

«እሺ። በቃ ና እንግባ፣ ትንሽ አረፍ በል።»

«የሚወስዳት ሰው ፍሬን ያስፈልገዋል» አለና ክሪኩን ሳበ።

እስኪመሽ ሠራ። ጎማዎቹን አወለቀ፣ የውድድሩን ሸራ አወጣ፣ አዲስ የመንገድ ሸራ አስገባ፣ የሚንሸራተቱትን ቦታዎች በቅባት ነካ ነካ አደረገ፣ የዲስኮቹን ፊት በጨርቅ ወለወለ። እሷ የጠየቃትን ሁሉ ታቀብለዋለች፤ ይቀበላታል፣ አያያትም። ሲጨርስ ሰሌኑ ላይ ተጋደመ።

«ግቢና ርገጪ» አላት።

ገባች። «ርገጪ» ይላል፤ «ረገጥኩ» ትላለች። ዛሬ ድምፃቸው አጥሩን አያልፍም፤ ለሥራው በሚበቃ ብቻ ይነጋገራሉ። የኋላዎቹ አለቁ፣ የፊቶቹ ቀጠሉ። የመጨረሻዋን ብሎን ሲያጠብቃት በእግሯ ሥር ያለው ፔዳል ቀጥ አለ። ጥያቄውን ጠበቀች። ቁልፎቹ ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ ሰማች፣ የጠርሙሱ ክዳን ሲዞር ሰማች፣ ጥያቄው ግን አልመጣም። መታገሥ ስላልቻለች ራሷ ተናገረች።

«ድንጋይ ነው» አለች።

እጁን እየጠረገ ዞሮ መጣና በሩን ከፈተው።

«እግርሽን አንሺ» አለ።

አነሳች። እሱ ከወንበሩ ሥር ተንበረከከ፣ መዳፉን ፔዳሉ ላይ አሳረፈና፣ እሷን ሳያያት፣ ደጋግሞ በእጁ እየተጫነ ራሱ አጣራ።